የመስቀል ጆንያ

ሐሚዳ ገና ሳትጠየቅ ባዶ ጆንያዎቹን ከመደርደሪያው ሥር ጎትታ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈቻቸው። ሀብትነሽ ከሱቁ ደጃፍ ላይ ነጠላዋን እያስተካከለች ቆማ ነበር።

«ለይቼ አስቀምጬልሽ ነበር» አለች ሐሚዳ። «ሚካኤል ባለፈ ማግስት እንደምትመጭ አውቃለሁ።»

«ምነው፣ ለሌላ ሰው አትሸጭም?»

«እሸጣለሁ እንጂ። የሌላው ሰው ጆንያ የሚያልቀው ምርት ሲገባ ነው። ያንች ግን ታቦት ሲነግሥ ነው የሚያልቀው።»

ሀብትነሽ ለመሳቅ ሞከረች። ሐሚዳ በድንበሯ ከተማ በኮኪት ሱቅ ከከፈተች ብዙ ዘመኗ ነው። ሁለቱ ሴቶች ባንድ ዓመት ወልደዋል፣ ባንድ ክረምት ወባ ጥሏቸው ተነሥተዋል። ሌላ ሰው የማይደፍረውን ነገር ሐሚዳ ትደፍረዋለች።

«አሮጌውን ምን እያደረጋችሁት ነው?» አለች ጆንያውን እያጠፈች።

«ያረጃላ።»

«መስቀል የተቀባበት ነው ወይ ባንድ ሳምንት የሚያረጅ?»

ሀብትነሽ ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ገንዘብ ፈትታ ባንኮኒው ላይ ቆጠረች። ሐሚዳ ቀጠለች።

«ቢያረጅም ባያረጅም ወደኔ አታምጭው። ወላሂ፣ እዚህ አገር የመስቀል ጆንያ የሚነካ ነጋዴ የለም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አይገዛው፤ የታቦት ነው ብሎ ይተወዋል። በሽር እንኳ አምና መንገድ ላይ ወድቆ ቢያገኝ ተሸክሞ ወስዶ ቤተ ክርስቲያናችሁ ደጅ ነው ያስቀመጠው።» በሽር ባሏ ነው።

«ሐሚዳ፣ ጆንያውን ስጭኝ።»

«ይኸው። እኔ ጆንያ ሻጭ ነኝ፤ ምን አገባኝ።»

ይህን ስትል ግን ቀና ብላ አላየቻትም። ያ ዓይን ማሸሽ ለሀብትነሽ ከስድብ ከፋባት። ጆንያውን ባጃጅ ላይ ጭና ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱን በሙሉ ፊቷ እንደጋለ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኅዳር ሰሊጡ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ማሳው ላይ በሂላ በሂላ ይቆማል። ሂላ የሚባለው ነዶው ራስ ለራስ ተደጋግፎ የሚደርቅበት ክምር ነው። ሲደርቅ ፍሬው አፉን ይከፍታል። ያኔ ሸራ ተነጥፎ፣ ነዶው ተዘቅዝቆ ይራገፋል። ከዘገየ ነፋስ ያረግፈውና ለምድር ይቀራል። የሚካኤል ንግሥ የሚውለው በዚሁ ጭንቅ ሰሞን ነው። ከጎጃምና ከወሎ የሚወርዱት ሠራተኞች ደግሞ በሙቀትም በረሀብም ይታዘዛሉ፤ በኅዳር ሚካኤል ቀን ነዶ ንኩ ቢባሉ ግን ቢገርፏቸውም አይነኩም። አንድ ነገር ሲሆን ብቻ ይነኩታል። ማሳው የታቦቱ ከሆነ ሥራው በረከት ነው። ለበረከት ሥራ ደግሞ ምንዳ የሚጠይቅ የደጋ ሰው የለም።

የሀብትነሽ ባል ባየልኝ ይህን አወቀ። ባየልኝ የሚካኤል ጽዋ ማኅበር ሙሴ ነው፤ ማኅበሩን የሚመራው እሱ ነው። ንግግሩ ለስላሳ፣ ነጠላው ንጹሕ፣ ጾሙ የጠበቀ ሰው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በንግሡ ዋዜማ ሠራተኞቹ ካሉበት ካምፕ ሄደና ቆቡን አውልቆ ቆመ።

«ምሥራቁን ማሳ ለሚካኤል ተስያለሁ» አላቸው። «ነገ እጁን ለታቦቱ መስጠት የፈለገ ይምጣ። ያልመጣውንም እኔ አልፈርድበትም።»

ማን ይቀራል? ሁሉም መጡ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እንዲሁ ነው። ነጭ ለብሰው ይመጣሉ፣ እየዘመሩ ያራግፋሉ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ከበሮ ይዘው ከዳር ይቆማሉ፤ ከነሱም ውስጥ መዝሙር የምታወርደው የባየልኝና የሀብትነሽ ልጅ ሮዳስ ናት። ማታ ሰሊጡ በጆንያ ይሞላል። ለትራክተሩ ተሳቢ ከተገዛው ቀይ ቀለም ላይ እየጠቀሱ ሠራተኞቹ ራሳቸው ጆንያው ላይ መስቀል ይቀባሉ። ከዚያ «መኪና እስኪገኝ» ተብሎ ወደ ባየልኝ መጋዘን ይገባል። በማግስቱ ሁለት ጆንያ ለቤተ ክርስቲያን ይላካል። የቀረው ሁሉ ወደ ንጹሕ ጆንያ ይገለበጥና ለነጋዴ ይሸጣል። መስቀል ያለበት ባዶ ጆንያ ከቤቱ ጓሮ ይቃጠላል።

የምትገለብጠው ሀብትነሽ ናት። ጆንያ የሚሰፋበትን ትልቁን መርፌ የምትይዘው እሷ ናት። እስካሁን ለራሷ ስትናገር የኖረችው አንድ ነገር ነው፦ የተናገረው እሱ ነው፣ እኔ የምሰፋ ብቻ ነኝ።

የዘንድሮው ግን አልሰፋ ብሏት ነበር። ምክንያቱ ለይኩን የሚባል የጎጃም ሰው ነው። ሐሙስ፣ በንግሡ ዕለት፣ ወባ እያንቀጠቀጠው መጣ። ሀብትነሽ ሮዳስን አስከትላ ውኃ ስታዞር አየችውና «አንተ ታመሃል፣ ጥላ ሥር ግባ እንጂ» አለችው።

«ዛሬስ አልገባም እመይቴ። ለሚካኤል የምሰጠው ሰሊጥ የለኝ፣ በግ የለኝ። ቀኔን ነው የምሰጠው።» ጥርሱ እየተጋጨ ሳቀ። «ይልቅ ሰሊጡ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ የሚስቴን ስም ያስጠሩልኝ። ክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ነው። ያለ እናት የቀረ ልጅ አለን፤ እሷ ካለፈች ዓመቷ ነው።»

«አስጠራልሃለሁ» አለችው።

ይህን ያለችው ሰሊጡ ወዴት እንደሚገባ እያወቀች ነው። 

ሀብትነሽ ሃይማኖትን ከመጽሐፍ አላገኘችውም። ያገኘችው ከአባቷ ነው። አባቷ ወገራ ላይ ደሃ ገበሬ ነበር፤ ስለ እግዚአብሔር ሲያወራ ሰምታው አታውቅም። እህሉ ሲወቃ ግን የመጀመሪያውን ቁና ለይቶ፣ ቤቱ ውስጥ ሰው ጦሙን ቢያድርም እንኳ፣ በትከሻው ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄድ ነበር። ከኋላው ትከተለው ነበር። የጀርባውን ላብ እስካሁን አትረሳውም። አንድም ቀን ይህ የታቦት ነው፣ አይነካም ብሎ አላስተማራትም። ትከሻውን ስታይ አደገች።

ለልጇም ያንኑ ለማውረስ የማታደርገው የለም። ሮዳስ ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። እሑድ እሑድ ገና ሳይነጋ ትቀሰቅሳታለች፣ ታስቀድሳታለች፣ ታስጾማታለች። ለልጅቱ የማትፈራላት ነገር የለም። ስልኩን ትፈራላታለች። ከድንበሩ ማዶ የሚመጣውን ሐሺሽ ትፈራላታለች። የመኪና ረዳቶቹን ዓይን ትፈራላታለች። ክፉ ነገር ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ይመስላት ስለነበር በሩን ስትጠብቅ ነው የኖረችው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ እናትና ልጅ መጋዘኑ ውስጥ ገቡ። ቆርቆሮው ፀሐይ ጠጥቶ እንደ ምድጃ ይተነፍሳል። የሰሊጥ ትኋን በጆንያው ስፌት ላይ ተርመስምሷል፤ ሲረገጥ ሽታው እንደከረመ ዘይት አፍንጫ ይይዛል። ሀብትነሽ የመስቀሉን ጆንያ ስፌት ትፈታለች፣ ሮዳስ የባዶውን አፍ ከፍታ ትይዛለች፣ ሰሊጡ እንደ ውኃ ይፈሳል። ልጅቱ ትናንት ማሳ ላይ ያወረደችውን መዝሙር በለሆሳስ ታንጎራጉራለች።

ካንዱ ጆንያ ላይ መስቀሉ በጣት የተቀባ ነበር። አንዱ ክንድ ተንጋዷል። የሚንቀጠቀጥ እጅ እንደቀባው ያስታውቃል። ሀብትነሽ እሱን ወደ ጎን አደረገችና ሌላ ሳበች።

ሮዳስ መዝሙሩን አቋርጣ «እማየ» አለች።

«ወይ።»

«በየዓመቱ እንዲህ ከምንለፋ ለምን መስቀሉን በከሰል አናደርገውም?»

«ምን አልሽ?»

«በቀለም ስለሆነ እኮ ነው የማይለቀው። በከሰል ቢሆን እርጥብ ጨርቅ ያስለቅቀዋል። ጆንያም አንገዛም፣ መገልበጥም የለ፣ ማቃጠልም የለ።» ልጅቱ ግንባሯ ላይ የተለጠፈውን ፀጉር በክንዷ ገፋ አደረገች። እናቷን ለመርዳት አስባ፣ አስባ ያገኘችው ነገር ስለሆነ ፊቷ ላይ የደስታ ነገር ነበር። «ለከርሞ እኔ እቀባዋለሁ። ሠራተኞቹ ከሰል መሆኑን አያዩትም፤ ሲመሽ ነው የሚቀባው።»

ሀብትነሽ መርፌውን ለቀቀችው።

«ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«ማን ያስተምረኛል? እያየሁ።»

ይህን ብላ የጆንያውን አፍ እንደገና ከፈተችና መዝሙሯን ካቆመችበት ቀጠለች። ድምጿ ጥሩ ነው። ቄሱም ያመሰግኗታል።

ሀብትነሽ እየተደናበረች ወጣች። ጓሮ ደርሳ ግድግዳውን ተደገፈች። ቀደም ብሎ ተገልብጦ ባየልኝ ያቃጠለው የመስቀል ጆንያ ገና ይጨሳል፤ የቀለሙ ጭስ እየመረረ ጉሮሮዋ ገባ።  እጇን ስታሸት የትኋኑ ሽታ ከጣቶቿ አለ። አመድ አነሣች፣ በአመድ አሸችው፣ በውኃ አጠበችው። አልሄደም። ትኋኑን ብቻ አይደለም የተጸየፈችው። እነዚህ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲሰፉ የኖሩትን ጣቶች ነው የተጸየፈቻቸው። በየእሑዱ ቀስቅሳ ካስቀደሰቻት ይልቅ፣ እዚያ መጋዘን ውስጥ ዝም ብላ የሰፋችው ነገር ልጅቱ ልብ ውስጥ ገብቷል። በር ስትጠብቅ የኖረችው ሌባው ውስጥ ተቀምጦ ነው።

ወደ ማታ ባየልኝ ጾሙን ሊፈታ ማዕድ ቀረበ። እጁን ታጠበ፣ ቆሞ ረጅም ጸሎት አደረሰ፣ ሦስት ጊዜ አማተበ። ከተቀመጠ በኋላ የሽሮውን ማንኪያ አንሥቶ አየው።

«ይህ ማንኪያ የትናንት ቅቤ አልነካውም?»

«ታጥቧል።»

«በሙቅ ውኃ?»

«ባየልኝ፣ የነገው መኪና ሰሊጡን ሁሉ ወደ ሚካኤል ያድርሰው።»

እንጀራውን እየጠቀለለ ቆም አለ። «የቱን ሰሊጥ?»

«የታቦቱን። ተስያለሁ ብለህ ሰው ያሠራህበትን።»

«ሁለት ጆንያ ሄዶላቸዋል እኮ። ቄስ አንዱአምላክ መርቀውኛል።»

«የተናገርከው ማሳውን ነው። ሁለት ጆንያ አላልክም።»

ባየልኝ እንደማይቆጣ አባት አየት አደረጋት። «አንች ሴት፣ አስቢው እስቲ። ሚካኤል ሥራ ከልክሎን ሰሊጡ መሬት ቢቀር እሱ ምን ይጠቀማል? እሱ እንደሆን የሰማይ ሀብታም ነው፤ በኔ ሰሊጥ አይደኸይ፣ አይከብር። ሠራተኞቹም ቢሆን በረከታቸውን ወስደዋል። ያሰቡት ለሱ ነው፣ የሚቆጠርላቸው ያሰቡት ነው። ማን ተጎዳ?»

እንዲህ ሲል ከጢሙ ላይ ሽሮ ተንጠባጥቦ ነበር። ሀብትነሽ ዓይኗን ከዚያ ልትነቅል ፈልጋ አልቻለችም።

«ልጅህ ተጎዳች» አለችው። «ዛሬ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ለከርሞ መስቀሉን በከሰል እናድርገው፣ ይለቃል አለችኝ።»

ባየልኝ ማኘኩን አቆመ። ለአፍታ ያፈረ መሰላት፤ ልቧ ከፍ አለ። ቀስ በቀስ ግን ፊቱ ፈካ።

«ሮዳስ? ራሷ አስባው?» ጉልበቱን መታ አደረገ። «ጭንቅላት አላት ይች ልጅ። የኔ ልጅ። ምነው እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ አላሰብኩት።»

ሀብትነሽ ማዕዱን አነሣች።

ጠዋት ባየልኝ መኪናውን ሊያመጣ ሄደ። እሱ ከአጥሩ እንደወጣ ሀብትነሽ የተሳቢውን ቀይ ቀለም ከቆጡ አወረደች። ሮዳስን ጠርታ ወደ መጋዘኑ ይዛት ገባች። ንጹሐኑ ጆንያዎች ተሰፍተው፣ ተደርድረው፣ ነጋዴ ይጠብቃሉ።

«የቀለሙን ቆርቆሮ ያዥልኝ» አለቻት።

ልጅቱ ቀለሙን አይታ ግራ ገባት። «እማየ፣ እነዚህ እኮ የሚሸጡት ናቸው። ቀለም ከነካቸው ማንም አይገዛቸውም።»

«አውቃለሁ።»

«አይለቅም እኮ።»

«እንዳይለቅ ነው።»

ጨርቅ ጠቅልላ ነከረችና የመጀመሪያውን ቀባች። ቀለሙ እንደ ደም ወረደ። ሁለተኛውን ቀባች። ከዚያ ዞር ብላ ልጇ ፊት ቆመች። እንዲህ ያለ ንግግር አታውቅበትም፤ እንደመጣላት ተናገረችው።

«ሮዳስ፣ እስካሁን እዚህ ቤት ስንሠራ ያየሽው ስርቆት ነው። ከሰው ብቻ ቢሆን ይሻል ነበር። የሰረቅነው ከሰውም ከታቦትም ነው። እኔም ሌባ ነኝ።»

ልጅቱ ቆርቆሮውን በሁለት እጇ እንደያዘች ቀረች። «አባየስ?»

«አባትሽም።»

«እኔስ?»

ሀብትነሽ ለዚህ መልስ አላዘጋጀችም ነበር። ልጅ ነሽ፣ አንች ምን ታውቂያለሽ ልትል አፏን ከፈተች። ትናንት የሰማችው የከሰል ነገር ግን ቃሉን ከአፏ መለሰባት። ጨርቁን ዘረጋችላት።

«የቀረውን ቀቢው» አለች።

ሮዳስ ቆርቆሮውን አስቀመጠች። ጨርቁን አልተቀበለችም። ጣቶቿን ቀለሙ ውስጥ ነከረች።

መኪናው ሲደርስ ጨርሰው ነበር። ጫኞቹ ከካምፑ የመጡ ሠራተኞች ናቸው፤ ለይኩንም ወባው ለቆት ከነሱ ጋር መጥቷል። የመጋዘኑ በር ሲከፈት መስቀሉን አይተው ቆባቸውን አወለቁ። ለይኩን ጎንበስ ብሎ ከፊት ያለውን ጆንያ ሳመና በትከሻው አነሣው።

ሾፌሩ «ጋሼ ባየልኝ፣ ይህ የቤተ ክርስቲያን አይደለም እንዴ?» አለ። «ወደ ነጋዴው መጋዘን ነው ያልከኝ መስሎኝ።»

ባየልኝ ጆንያዎቹን አየ። ሚስቱን አየ። የልጁን ቀይ ጣቶች አየ። ሠራተኞቹ ራሳቸውን ገልጠው ከንፈሩን ይጠብቃሉ። ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። ሀብትነሽ ዓይኗን አልሰበረችለትም።

«ወደ ሚካኤል ነው» አለ በመጨረሻ። «ሌላ ወዴት ሊሆን ነው?»

ለይኩን ጆንያውን መኪናው ላይ ጥሎ ሲመለስ ሮዳስ አጠገብ ቆም ብሎ ላቡን ጠረገ። «ተመስገን» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «ቀኔ ደረሰልኝ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ አንዱአምላክ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሙ። «ልጆቼ፣ የባየልኝን ቤት ተመልከቱ» አሉ። «ሁለት ጆንያ ቢሰጥ በቂ ነበር፤ ማሳውን ሙሉ ሰጠ። እናንተም ቤታችሁን እንዲህ ሥሩ። ልጆቻችሁን እንዲህ አሳድጉ።»

ሕዝቡ እልል አለ። ባየልኝ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆመ። የእውነት ትሑት ይመስላል። ትናንት ሙሉ ቀን አንዲት ቃል ያልተነፈሰላት ሰው፣ ዛሬ ሽማግሎች ትከሻውን ሲስሙት «የሱ ፈቃድ ነው» ይላል። የሰሊጥ ትኋን ሽታ ካለበት መጥቶ የሀብትነሽን አፍንጫ ሞላው። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ሌሎቹ ሴቶች ያለቀሰች መሰላቸው፤ አንዷ ጀርባዋን ዳበሰቻት።

ሮዳስ ከጎኗ ናት። ቀለሙ ከጥፍሯ ሥር ገና አልወጣም።

«እማየ» አለች በጆሮዋ። «እልል ልበል?»

ሰው እያየ ነው። የሙሴው ልጅ ዝም ስትል ሰው ያስተውላል። ሀብትነሽ ከልማዷ የተነሣ በይ ልትላት ትንሽ ቀርቷት ነበር።

«እኔ አልልም» አለቻት። «አንች ራስሽ እይው።»

ልጅቱ አፏን አልከፈተችም። ግርግሩ ሲበርድ ግን ከእናቷ ጎን ተለይታ በሰው መካከል እየተሹለከለከች ቄሱ ዘንድ ደረሰች፣ መስቀል ተሳለመች። ሀብትነሽ ተከትላ ስትደርስ እየተናገረች ነበር።

«አባ፣ በጸሎት የሚጠራ ስም አለን። ወለተ ማርያም ትባላለች። አርፋለች። ባሏ ለይኩን ነው።»

«ለይኩን ማነው? ምን ሰጠ?»

«ቀኑን።»

ቄሱ ጎንበስ አሉ። «ምኑን?»

«ቀኑን ሰጥቷል» አለች ሮዳስ ጮክ ብላ፣ አባቷ እስኪዞር ድረስ። «ታሞ ነበር የመጣው።»

ይህን እንድትል ሀብትነሽ አልነገረቻትም።